የትውልድ ሐረግና የጦርነት ሥዕል፤ ስለ ሰገሌ ሥዕሎች አነባበብ

በሸራ ላይ የተሣሉትን የሀገራችንን የጦርነት ሥዕሎች የሚመረምሩ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ድል ያደረገው ማን ነው ብለው ነው። ለአድዋ ሥዕል ይህ ጥያቄ ይበቃ ይሆናል። ለሰገሌ ሥዕል ግን አይበቃም፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ የተጋጠሙት ወገኖች የተጣሉት በዘር ቈጠራ ነበርና።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ ዐጤ ምኒልክ አልጋቸውን የሚወርስ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ከልጃቸው ከወይዘሮ ሸዋረጋና ከወሎው ራስ ሚካኤል የተወለደውን ልጅ ኢያሱን በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አደረጉት። ልጅ ኢያሱም በ1906 ዓ.ም. አባቱን በደሴ አነገሠ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ኢያሱን ሽረው የእናቱን እኅት ዘውዲቱን ባነገሡ ጊዜ፣ ንጉሥ ሚካኤል ስለ ልጃቸው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ድል ቢያደርጉም ከጥቂት ቀን በኋላ ሰገሌ ላይ ተማረኩ። እንግዲህ ክርክሩ የምኒልክ ልጅ ትንገሥ ወይስ የልጅ ልጃቸው ይንገሥ የሚል ነበር። በኢያሱ ላይ ከተወሩት ነገሮች አንዱም የትውልድ ሐረጉን ከነቢዩ መሐመድ አስቈጠረ የሚል መሆኑን ልብ ይሏል።

የሥዕል ልማዳችን ግን ትውልድንና ጦርነትን ለይቶ ያኖራል። ትውልድ የሚሣለው በንግሥተ ሳባ ሥዕል ነው፤ ብዙ ጊዜ 44 በሚሆኑ ክፍሎች እንደ ጽሕፈት በየተራው ይነበባል፤ ከቀዳማዊ ምኒልክ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን ግን በዝምታ ያልፈዋል። የጦርነት ሥዕል ደግሞ በቀኝና በግራ ተሰልፎ የሚታኰስ ሠራዊት ነው፤ ጋብቻን የሚያሳይበት ምልክት የለውም። ስለዚህ የሰገሌ ጠብ የተፈተለባት፣ አስቀድማ የሞተችው ሸዋረጋ፣ በዚህ ዐይነት ሥዕል ውስጥ ቦታ አታገኝም።

ሁለቱን ያልለየ ሕዝብ ለማየት ወደ ሜክሲኮ መሻገር ያስፈልጋል። በኦአሃካ ተራሮች የሚኖሩት ሚክስቴኮች ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት በአጋዘን ቆዳ ላይ በሣሏቸው ተጣጣፊ መጻሕፍት፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ወንድና ሴት ጋብቻን ያመለክታሉ፤ በአንድ ከተማ ምልክት ላይ የተሰካ ፍላጻ ደግሞ ከተማው መወረሩን ይናገራል። በ1063 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተወለደው «ስምንት አጋዘን» የተባለው ገዥ አንዱን ከተማ ወርሮ ጌታውን ገደለ፤ ቀጥሎም የሟቹን ልጅ አገባ። ወረራውም ጋብቻውም በአንድ ታሪክ ውስጥ ተሥለዋል። ይህን ሳነጻጽር ሁለቱ ሕዝቦች ይገናኙ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የምሻው የአነባበብ ዘዴውን ነው። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ እነዚህን መጻሕፍት የአማልክትና የከዋክብት ነገር አድርገው ያዩአቸው ነበር። አልፎንሶ ካሶ በ1949 ምስጢሩን የፈታው በ1580 በተሠራው የቴኦዛኮአልኮ ካርታ ላይ ከተሣለው የአካባቢው ገዥዎች የትውልድ ተራ ተነሥቶ ነው። የሥዕሉ ቍልፍ የተገኘው በባለቤቶቹ ዘር ቈጠራ ነው።

የእኛም ቍልፍ ከዚያው ነው። በቈየው ልማድ ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ በአድዋ ሥዕሎች ኢጣልያኖች እንዲሁ ናቸው። ራስ ሚካኤል በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ስለ ዘመቱ ከባለ ሁለት ዓይኖቹ ወገን ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሰገሌን የሚሥል ሰው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዘመን የዐጤ ዮሐንስ የክርስትና ልጅ ከሆኑት ከእኒህ ሰው አንዱን ዓይን ይወስዳልን? ስለዚህ የሰገሌን ሥዕል የሚመረምር ተማሪ ሬሳና ጠመንጃ ከመቍጠሩ በፊት የንጉሥ ሚካኤልን ዓይን ይቍጠር፤ ሥዕሉንም ያሣለው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። መልሱ ከሰገሌ ይልቅ ስለ አሣዩ ብዙ ይነግረዋል።

የወሎ ወገን ግን በሥዕል አልመለሰም። የወረ ሂመኖ የማመዶች ቤት የእስልምና ኢማሞች ቤት ነበርና ሐረጉን የሚጠብቀው በቃል ነው። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ ዓሊ፣ የኢማም ዓሊ አባ ቡላ ልጅ ነበሩ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎቹ በደሴና በኮምቦልቻ ሳሉ፣ ተማሪዎቹ የሰገሌን ታሪክ ከአዲስ አበባ ሥዕሎች ብቻ መማራቸው የሚያስተዛዝብ ነው። ከሽማግሌዎች ሐረግ ሲቀበሉም የሴቶቹን ስም አስቀድመው ይጠይቁ። ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ባመለጠ ጊዜ የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ለዐጤ ቴዎድሮስ መልሳ ሳትሰጠው ወደ ሸዋ አሳለፈችው፤ ቴዎድሮስም በእጃቸው የነበረውን ልጇን ገደሉባት። ከ52 ዓመት በኋላ ሰገሌ ላይ ሸዋና ወሎ ሲጋጠሙ ይህ ዕዳ በማን ልብ እንደ ነበረ የሚያውቀው ሐረጉን የያዘው ሰው ነው።