አስመሳይ ታካሚና የሕክምና ሥነ-ምግባር

የጤና አገልግሎትን ጥራት ለመመዘን ከሚሠራባቸው ዘዴዎች መካከል እንደ አስመሳይ ታካሚ ሐኪሞችን የሚያስቆጣ ያለ አይመስልም። አሠራሩ ከንግዱ ዓለም የመጣ ነው። በሱቅና በሆቴል ደንበኛ መስሎ እየገባ መስተንግዶውን የሚመዘግበው ስውር ደንበኛ፣ ወደ ክሊኒክ ሲመጣ ካርድ ያወጣል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ያጠናውን የሕመም ታሪክ ይናገራል፤ ከወጣ በኋላም የተጠየቀውንና የታዘዘለትን በቅጽ ላይ ይሞላል። «አስመሳይ» የሚለው ቃል በአማርኛ ወቀሳ ያዘለ መሆኑ እዚህ ላይ አይጠላም፤ ድርጊቱ ማታለል መሆኑን ከመነሻው ያስታውሳልና።

በሕክምና ትምህርት ውስጥ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሃዋርድ ባሮውስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጤነኛ ሰዎችን የታማሚ ጠባይ እያስጠኑ ለተማሪዎች መፈተኛ አድርገዋል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ ተማሪው እየተፈተነ መሆኑን ያውቃል፣ በሥራ ላይ ያለው ሐኪም ግን አያውቅም። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከዚህች ልዩነት ነው።

ክርክሩ በአደባባይ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በጁን 2011 በአሜሪካ ነበር። የሀገሪቱ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎት ሚኒስቴር በ9 ክፍለ ግዛቶች፣ በእያንዳንዱ 465፣ በድምሩ 4,185 ወደሚሆኑ የሐኪም ቢሮዎች ታካሚ መስለው የሚደውሉ ሰዎችን ለማሰማራት አቅዶ ነበር። ደዋዩ አንድ ጊዜ የግል መድን እንዳለው፣ ሌላ ጊዜ የመንግሥት መድን እንዳለው ይናገራል፤ ቀጠሮ ማግኘት አለማግኘቱም ይመዘገባል። ከቢሮዎቹ ከመቶ 11 ለሚሆኑት ደግሞ ሦስተኛ ስልክ ይደወላል፤ በዚህኛው ላይ ጠያቂው ከሚኒስቴሩ የተላከ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ሐኪሞቹን ይበልጥ ያናደደው ይህ ሦስተኛው ስልክ ቢሆን አያስገርምም፤ ለመንግሥት የሚሰጠውን መልስ ለታካሚ ከሚሰጠው ጋር የሚያስተያይ ነውና። ዕቅዱ በጋዜጣ በወጣ በ2 ቀናት ውስጥ «ስለላ ነው» የሚለው ጩኸት በረታ፤ ሚኒስቴሩም ተወው።

ጩኸቱ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም በዚያው ወር በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣውን ጥናት ያነበበ ሰው ዕቅዱ በመሰረዙ ብዙም ሊደሰት አይችልም። ጆአና ቢስጌርና ካሪን ሮድስ የቺካጎ ከተማ በምትገኝበት በኩክ አውራጃ በ273 የስፔሻሊስት ክሊኒኮች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው ነበር። የታመመ ልጅ እናት መስለው የሚደውሉ ረዳቶች ለአንዱ ክሊኒክ በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ የሕመሙ ታሪክ አንድ ሲሆን የተለያየው መድኑ ብቻ ነበር። ለድሆች ልጆች በተመደበው የመንግሥት መድን ሲጠየቅ ከመቶ 66 ጊዜ ቀጠሮ ተከለከለ፤ በግል መድን ሲጠየቅ ግን ከመቶ 11 ብቻ። ሁለቱንም በተቀበሉት ክሊኒኮች እንኳ የመንግሥት መድን ያለው ልጅ በአማካይ 22 ቀን ይበልጥ መጠበቅ ነበረበት። ለእነዚሁ ክሊኒኮች «ድሃ ልጅ ትመልሳላችሁን?» የሚል መጠይቅ ቢላክ ኖሮ ምን ዓይነት መልስ እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። የተታለለው የቀጠሮ ጸሐፊ ጥቂት ደቂቃ አጥቷል፤ የተመለሰው ልጅ ያጣው ግን ሕክምና ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «ማታለል ማታለል ነው» ማለት የሚዛን ጉድለት ነው።

ይሁን እንጂ በስልክ የሚደረገው ማታለል ቀላል መሆኑ በአካል የሚደረገውን ቀላል አያደርገውም፤ የዘዴው ደጋፊዎች ይህን መለየት ሲገባቸው ብዙ ጊዜ ያልፉታል። አስመሳይ ታካሚ ምርመራ ክፍል ሲገባ ከበስተኋላው እውነተኛ በሽተኛ ተሰልፏል። አስመሳዩ ራሱም ያለ ሕመሙ መርፌ ሊታዘዝለት፣ ደም ሊቀዳ ይችላልና እምቢ የሚልበትን መንገድ አስቀድሞ መማር አለበት።

ማታለሉን በተመለከተ ከሁሉ የሚያስተምረው በዴልሂ የተደረገው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጂሽኑ ዳስና ባልደረቦቻቸው የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መስለው የሚቀርቡ 17 ሰዎችን አሠልጥነው ወደ ግል ሐኪሞች ላኩ። ሐኪሞቹ ግን ወደፊት እንዲህ ያለ ሰው እንደሚመጣባቸው አስቀድመው ተነግሯቸው ፈቃዳቸውን ሰጥተው ነበር፤ ያላወቁት ማን መቼ እንደሚመጣ ነው። ከ250 ጉብኝቶች በትክክል የተያዙት 52፣ ማለትም ከመቶ 21 ብቻ ነበሩ። ሐኪሞቹ አስመሳዩን የለዩትም ከመቶ 5 በሚሆኑት ጉብኝቶች ነው። ፈቃደኛ የሚሆኑት ሐኪሞች ከሌሎቹ የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ የሚለው መከራከሪያ ተገቢ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ግን እውነቱ ከ21ም የከፋ ነው ማለት ነው። በመሆኑም «ፈቃድ ከተጠየቀ ጥናቱ ይበላሻል» የሚለው የተለመደ ምክንያት ሁልጊዜ እንደማይሠራ የዴልሂው ሥራ አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ዘዴው በብዛት ያገለገለው በመድኃኒት ቤቶች ነው። ጥናት አድራጊው ልጁ ተቅማጥ ወይም ጉንፋን እንደያዘው ይናገራል፤ ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ማዘዣ ይሰጠው እንደሆነም ይመዘግባል። በጎንደር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት በዚህ ሳያበቃ፣ ከጉብኝቱ ቀጥሎ ባለሙያዎቹን በግልጽ አነጋግሮ የአሠራሩን ምክንያት ጠይቋል። ይህ ሁለተኛ ምዕራፍ የሌለው ጥናት ግማሽ ሥራ ነው። አስመሳዩ የሚያየው በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ነውና። የመመርመሪያ ኬሚካል በጠፋበት ጤና ጣቢያ የተቀመጠች ነርስ በቅጹ ላይ «ምርመራ አላዘዘችም» ተብላ ትመዘገባለች፤ ኬሚካሉ ለምን እንደጠፋ የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ የለም።

ዘዴው ከተመራማሪ እጅ ወጥቶ ወደ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ሲገባ የሚያሠጋውም ይኸው ነው። ተመራማሪው ስም አይመዘግብም፤ ውጤቱን ደምሮ ያወጣል፣ የሥነ-ምግባር ኮሚቴም ይጠይቀዋል። አለቃ ግን ስሙን ይፈልጋል። አንዲት ሠራተኛ በአንድ ያልተለመደ ቀን፣ ለአንድ ሐሰተኛ በሽተኛ ባደረገችው ነገር ደመወዟ የሚቀጣ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ በሽተኛ በጥርጣሬ ዓይን ማየቷ አይቀርም። ካርድ ይዞ የቆመ ገበሬ ስለ ሕመሙ ሲያስረዳ «ይህ ከወረዳ የተላከ ይሆን?» ተብሎ የሚታይበት ክፍል ጥራቱ ተሻሽሏል ሊባል አይችልም።

የዴልሂን አሠራር ለጤና ጣቢያ ማዋስ ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ «በሚቀጥሉት ወራት አስመሳይ ታካሚ ሊመጣ ይችላል፤ ስማችሁ አይመዘገብም፤ ውጤቱ እዚሁ ይነበባል» ብሎ አስታውቆ ማስፈረም ይቻላል። የማይፈርሙ ይኖራሉ። ለምን እንዳልፈረሙ መጠየቅም የጥናቱ አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል።