ፊርማዋ፣ ፊቷ፣ ድምፅዋ፦ የላቲና ሴቶች ታሪክ ማኅደሮች ሲፈተሹ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ጽሑፉ እውነት እንደያዘ ታስቦ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የታየ አንድ ክርክር ግን ወረቀትም ሊያሳስት እንደሚችል ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1975 አሥር የሜክሲኮ ተወላጅ ሴቶች በካውንቲው የሕዝብ ሆስፒታል፣ በወሊድ ጊዜ፣ ያለ ፈቃዳችን ዳግመኛ እንዳንወልድ ተደርገናል ብለው ክስ መሠረቱ። ከመካከላቸው ምጥ ይዟቸው ሳለ በማያነቡት እንግሊዝኛ የተጻፈ የፈቃድ ቅጽ የቀረበላቸው ነበሩ። «ማድሪጋል በኩዊሊጋን ላይ» የተሰኘው ይህ ጉዳይ በ1978 ለሐኪሞቹ ተፈረደ፤ ዳኛው ነገሩን ከቋንቋና ከባህል ልዩነት የመጣ አለመግባባት አድርገው አዩት። ቅጹ «ፈቅዳለች» አለ፤ ሴቲቱ «አልፈቀድሁም» አለች። የተወረሰው የቅጹ ቃል ሆነ።

የላቲናዎችን፣ ማለትም ሥረ መሠረታቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ የአሜሪካ ሴቶችን ታሪክ ለማቆየት የተሠሩ ሥራዎች ሁሉ ከዚህ ችግር ጋር ይታገላሉ። ስለነሱ ብዙ ተጽፏል፤ የጻፉት ግን በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። ሠዓልያን በምስል፣ የታሪክ ባለሙያዎች በቃል ምስክርነት ክፍተቱን ለመሙላት ተነሥተዋል። ሁለቱ መንገዶች ሲለያዩ ምን እንደሚጎድል፣ ሲገናኙስ ምን እንደሚገኝ ሥራዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያሻል።

ፍርዱ በተሰጠበት በዚያው በ1978 የሳን ዲዬጎ ተወላጅዋ ዮላንዳ ሎፔዝ ሦስት ተከታታይ ሥዕሎችን ሠራች። መነሻዋ ሜክሲኳውያን በየቤታቸው የሚሰቅሉት የጓዳሉፔ ማርያም ሥዕል ነው፤ ጮራውና ባለከዋክብቱ ካባ በሦስቱም ላይ አሉ። በአንዱ ሠዓሊዋ ራስዋ በመሮጫ ጫማ፣ እባብ በእጇ ጨብጣ ወደ ተመልካቹ ትገሠግሣለች። በሌላው እናቷ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ያንኑ ካባ ትሰፋለች። በሦስተኛው አያቷ በካባው በተሸፈነ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የእናቷ የማርጋሬት ስቱዋርትና የአያቷ የቪክቶሪያ ፍራንኮ ስም በሥዕሎቹ ርእስ ላይ በመስፈሩ ሁለቱ ሴቶች የእናትነት ምሳሌ ብቻ ሆነው አልቀሩም። ክብሩ የወረደላቸው ሳይሆን በእጃቸው የተሠራ መሆኑን ለማሳየት ከስፌት መኪናው የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ዝም ይላል። በቀን ስንት ሰዓት ይሰፋ ነበር? ስንት ይከፈል ነበር? ልጆቹን ማን ይጠብቅ ነበር?

ይህን የመሰለ ጥያቄ በኒው ዮርክ የሀንተር ኮሌጅ የፖርቶ ሪኮ ጥናት ማእከል ተመራማሪዎች ለልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች አቅርበዋል። ከቃለ መጠይቆቹ በ1985 የሬዲዮ ዝግጅት ተሰናዳ፤ ሰፊዎቹ ስለ ሥራቸው በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። በሬዲዮው ሎፔዝ ያልነገረችን ይሰማል፤ ሎፔዝ ያሳየችን ፊት ግን አይታይም።

ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያገናኘችው ፎቶግራፍ አንሺዋ ላውራ አጊላር ናት። ከ1986 ጀምሮ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ላቲናዎችን በጥቁርና ነጭ አነሣች፤ ከየምስሉም ሥር ተነሺዋ ስለ ራስዋ በእጅ ጽሑፏ እንድትጽፍ ቦታ ተወች። አንባቢ ፊቱን አይቶ ወደ ጽሑፉ ይወርዳል፣ ከጽሑፉ ተመልሶ ፊቱን ያያል። እዚህ ላይ ቅጽ አዘጋጅቶ «ፈርሚ» የሚል የለም፤ ቃሉን የመረጠችው፣ የጻፈችው፣ ስሕተት ካለም የሰረዘችው ተነሺዋ ናት። የአጊላር ሥራ ከብዙ ፖርትሬቶች የሚለየው በዚህ ነው።

ያም ቢሆን የቃል ታሪክ የራሱ ድካም አለው። ትውስታ ዓመት ያደበላልቃል፣ የከበደውን ይዘላል፣ ጠያቂውንም ይፈራል ወይም ያፍራል። ማሪያ ኮቴራና ሊንዳ ጋርሲያ መርቻንት በ2009 የጀመሩት «ቺካና ፖር ሚ ራሳ» የተባለ የዲጂታል ማኅደር ለዚህ የሰጠው መልስ ቀላልና ብልህ ነው። ሁለቱም በቺካኖ፣ ማለትም የሜክሲኮ ዝርያ ባላቸው አሜሪካውያን የመብት ንቅናቄ የታገሉ እናቶች ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ታሪኩ የሚገኘው በየቤቱ መሳቢያና ካርቶን ውስጥ መሆኑን ያውቃሉ። ቡድኑ ወደ ሴቶቹ ቤት ሄዶ ይጠይቃል፣ ይቀርጻል፤ ደብዳቤውን፣ በራሪ ወረቀቱንና ፎቶግራፉን ስካን ያደርጋል። ዋናው ሰነድ ከሴቲቱ እጅ አይወጣም። ትውስታዋ የሳተውን ዓመት በራሪ ወረቀቱ ያርመዋል፤ ከፎቶግራፉ ጀርባ ያልተጻፈውን ስም ደግሞ እሷ ትናገራለች። ወረቀትና ቃል እዚህ ይተራረማሉ እንጂ አይሻሻሩም።

የሎስ አንጀለሶቹ ሴቶች ዳግመኛ የተሰሙት በዚሁ መንገድ ነው። የታሪክ ተመራማሪዋ ቨርጂኒያ ኤስፒኖ ከዳይሬክተርዋ ረኔ ታጂማ-ፔኛ ጋር ሆና እያፈላለገች አገኘቻቸው፤ «ኖ ማስ ቤቤስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልምም በ2015 ታየ። በችሎት በአስተርጓሚ ሲያልፍ የነበረው ምስክርነት በፊልሙ ከነፊታቸው፣ ከነስፓኒሽ ቋንቋቸው ይቀርባል። በ2018 የካውንቲው የበላይ ተቆጣጣሪዎች ምክር ቤት በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የ1978ቱ ፍርድ አልተገለበጠም። ዛሬ የዚያን ክስ መዝገብ የሚከፍት ተመራማሪ ግን ፈራሚዋ ስለዚያች ሌሊት ምን እንዳለች ራስዋ ስትናገር ሊሰማት ይችላል።