አስተርጓሚ የሌለው ሳቅ

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ አነጋገሬን አስመስሎ አወራ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ፤ ባልስቅ ደግሞ «ቀልድ አያውቅም» ልባል ነው። እናቴ «ጥርስ ባዳ ነው» የምትለው ነገር ያን ቀን ገባኝ።

የጆርዳን ፒልን ፊልሞች የማያቸው ከዚያ ሳቅ ተነስቼ ነው። ፒል ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጸሐፊና ተዋናይ ነበር። መጀመሪያ «ማድ ቲቪ» ላይ ሠራ፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 ከጓደኛው ከኪገን-ማይክል ኪ ጋር «ኪ ኤንድ ፒል» የተባለውን የአጫጭር ቀልዶች ፕሮግራም አቀረበ። በ2017 «ጌት አውት» ሲወጣ «ቀልደኛው አስፈሪ ፊልም ሠራ» ተብሎ ጉድ ተባለ። በ4.5 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ፊልም ከ250 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ፒልም በኦሪጅናል ስክሪፕት ኦስካር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ጸሐፊ ሆነ። ሁሉም ስለ ሙያ ለውጥ ያወራል። እኔ ግን ሰውየው ያንኑ ሥራውን የቀጠለ ነው የሚመስለኝ።

በጣም የታወቀውን ቀልዳቸውን አስታውሱ። ፒል ፕሬዚዳንት ኦባማን ሆኖ ይቀመጣል፤ ረጋ ብሎ፣ ቃል መርጦ ያወራል። ከጎኑ ኪ፣ ሉተር ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠ ይጮሃል። ሉተር የንዴት አስተርጓሚ ነው፤ ጥቁር ፕሬዚዳንት በአደባባይ መናደድ ስለማይፈቀድለት ሌላ ሰው ይናደድለታል። ኦባማ ራሱ በ2015 በዋይት ሐውስ ዘጋቢዎች እራት ላይ ሉተርን አጠገቡ አቁሞ ተናግሯል።

ለጎጃም ልጅ ይሄ አዲስ አይደለም። ሰምና ወርቅ ነው። ልዩነቱ፣ ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ ቅኔ ቤቶች ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ወርቁን የሚጮህለት ሰው ከጎኑ አያቆምም። ሰሚው ራሱ ይቆፍር። የሉተር ቀልድ የሚያስቀን ወርቁ ያለ ድካም ስለሚሰጠን ነው። ሰዉ ይስቃል፣ ቀለል ይለዋል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ፒል «ጌት አውት» ላይ ያደረገው በቃ ሉተርን ማስወጣት ነው። ክሪስ የነጭ ፍቅረኛውን ቤተሰብ ሊጠይቅ ሄዶ ስድቡን ሁሉ በፈገግታ ያሳልፋል፤ የሚናደድለት ሰው የለም። ጥቁሯን የቤት ሠራተኛ ጆርጂናን፣ ነጭ ሲበዛበት እንደሚጨንቀው ይነግራታል። እሷ ትስቃለች። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» ትላለች፤ ፈገግታው ሳይጠፋ እንባዋ ይወርዳል። በኋላ እንደምንረዳው ፈገግታው ሰውነቷን የወረሰችው የሌላ ሴት ነው፤ እንባው ግን ከታች የታፈነችው የራሷ የጆርጂና ይመስለኛል። አንድ ፊት ላይ ኦባማና ሉተር አሉ፤ ሉተር ግን አፍ የለውም። መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር፤ ከዚያ አፈርኩ።

ሁሉም ፊልሙ እንዲህ አይደለም። በ2019ኙ «አስ» መጨረሻ አካባቢ ሬድ የምትባለው ገጸ ባሕርይ ቆማ ምስጢሩን ታስረዳናለች። ወይ ጉድ፣ አስተርጓሚው ተመለሰ! ፍርሃቴ እዚያው ጋ ነው የጠፋው።

በ2022ቱ «ኖፕ» ግን ፒል ወደ ተነሳበት ቤት፣ ወደ ቴሌቪዥን ኮሜዲ ስቱዲዮ፣ ይመለሳል። በ1998 አንድ ሲትኮም ሲቀረጽ ቺምፓንዚው ተዋንያኑ ላይ ይነሳል። ጁፕ የሚባለው ሕፃን ተዋናይ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ያያል። አድጎ «ምን ነበር የሆነው?» ሲባል ያየውን አይናገርም፤ ስለዚያ ቀን የተሠራ ሌላ የቴሌቪዥን ቀልድ አለ፣ እሱን እየሳቀ፣ እያደነቀ ይተርካል። ቀልዱ የራሱን ትዝታ ተክቶታል። ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል፤ ፊቱ ሌላ ነገር ያወራል። ከፒል ሥራዎች ሁሉ ይቺን ትዕይንት የምመርጠው ለዚህ ነው። በቀልድ ያደገ ሰው፣ ቀልድ ምን ሊሸፍን እንደሚችል ራሱ ሲመሰክር አላየሁም ነበር።

የኛም ኮሜዲዎች አነጋገሩ «የሚያስቅ» ባላገር አያጡም። መኪና መንገድ መሻገር ያቅተዋል፣ ሊፍት ያስደነግጠዋል፣ እንስቃለን። እኔም አሁን ድረስ እስቃለሁ፤ አንዳንዶቹ በደንብ የተጻፉ ናቸው። ግን ከሳቁ በኋላ ሰውየው ማደሪያው ገብቶ ብቻውን ሲሆን አላሳዩኝም። ያንን አንዴ የጻፈ ሰው፣ እመኑኝ፣ ፊልም እጁ ላይ አለ።

ስለዚህ ለምትጽፉ ልጆች አንድ ልመና አለኝ። ቀልዱን አትተዉት። ካሜራውን ግን ከተሳቀበት ሰው ፊት ላይ ቶሎ አታንሱት።