ታካሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ፦ ውፍረትን የሚቀንስ ቀዶ ሕክምናና የደም መርጋት ከዳባትና ከደባርቅ አንጻር ሲመዘን

ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ በጨጓራና በአንጀት ላይ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በደም መርጋት ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ ብዙ ተጽፏል። ጽሑፎቹ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ጎራ ደሙን በቤተ ሙከራ እየመረመረ፣ ክብደት ሲቀንስ ደም ያለአግባብ የመርጋት ዝንባሌውም እንደሚቀንስ ያበስራል። ሁለተኛው ጎራ ታካሚዎችን እየቆጠረ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የረጋ ደም ሰው እንደሚገድል ያስጠነቅቃል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ጉድለቱ ሁለቱ ተለያይተው መነበባቸው፣ ከዚያም በላይ ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አጥብቀው አለመጠየቃቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከስሜን ተራሮች ግርጌ አንጻር ያነሣል።

የመጀመሪያው ጎራ መሠረቱ ጽኑ ነው። ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ጭነት ሳይሆን ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን የሚያመነጭ የሰውነት ክፍል ነው። ከእነዚህም አንዱ፣ ፒ-ኤ-አይ-አንድ በመባል የሚታወቀው ፕሮቲን፣ የረጋ ደም በተፈጥሮ እንዳይሟሟ ያግዳል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ባለበት ሰው ይህ ፕሮቲን፣ እንዲሁም ፋይብሪኖጅንና ሌሎች ደም አርጊ ፕሮቲኖች ከፍ ብለው ይገኛሉ። የሆድ ውስጥ ግፊት መጨመርም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያዘገየዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክብደት በወራት ውስጥ ሲቀንስ እነዚህ መለኪያዎች በአብዛኛው ዝቅ ይላሉ። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን የወራት ዜና ነው።

የሁለተኛው ጎራ ዜና የሳምንታት ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ፣ ቁስሉ የሚያስነሣው ብግነት፣ የፈሳሽ ማነስና አልጋ ላይ መዋል ደሙን ለጊዜው ይበልጥ ለመርጋት ያዘጋጁታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በታተመና 73,921 ታካሚዎችን በያዘ ጥናት፣ በ90 ቀናት ውስጥ በጥልቅ ደም መልስ ወይም በሳንባ የደም ቧንቧ ውስጥ ደም የረጋባቸው 0.42 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ከእነዚህ መካከል 73 በመቶ ያህሉ ሕመሙ የደረሰባቸው ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው። ይህም ማለት ከአራቱ ሦስቱ ሕመሙ ያገኛቸው ቀዶ ሐኪሙ በሌለበት ነው።

እዚህ ላይ ሒስ ይጀምራል። ጥናቱ በተሠራበት አገር «ከሆስፒታል መውጣት» ማለት ስልክና አምቡላንስ ወዳለበት ቤት መመለስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ደባርቅ ለሚመለስ ሰው ግን መውጣት ማለት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በመንገድ መጓዝ ሊሆን ይችላል። አውቶቡስ ውስጥ ለረጅም ሰዓታት ጉልበትን አጥፎ መቀመጥ፣ ለሽንት ላለመቸገር ሲባል ውኃ አለመጠጣት፣ ቁስሉ እንዳይነካ ያለመንቀሳቀስ፣ ሁሉም የመርጋትን ሥጋት የሚጨምሩ ናቸው። የውጭዎቹ መመሪያዎች የሥጋት ነጥብ ሲያስሉ ዕድሜንና ክብደትን ይቆጥራሉ፤ የመልስ ጉዞውን ግን አይቆጥሩም።

ሁለተኛው ሒስ በቆጠራው ላይ ነው። በታካሚዎች መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት የሚያውቀው ተመልሶ የመጣውን ወይም ተፈልጎ የተገኘውን ታካሚ ነው። ያልተመለሰው ታካሚ እንደ ዳነ ሊቆጠር ይችላል። ዳባት ይህን ችግር ለመመርመር የተሻለ ቦታ መሆን በተገባው ነበር፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል የነበረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በወረዳው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ መሥርቷል። በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ከቤት ወደ ቤት እየተዞረ ይመዘገባል። የሞት ምክንያት የሚለየው ግን ቤተሰብን በመጠየቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ መጠይቅ ባዘጋጀው የምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ የሳንባ የደም ቧንቧ በረጋ ደም መዘጋት ራሱን የቻለ ቦታ የለውም። «ትንፋሽ አጥሮት በድንገት ሞተ» የተባለለት ሰው በልብ ሕመም ወይም ባልተለየ ምክንያት ሥር ይመደባል። ስለዚህ «በገጠሩ የደም መርጋት ብርቅ ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ማስረጃው የሕመሙ አለመኖር ሳይሆን የመለያው አለመኖር ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ይገባዋል።

ይህን ክፍተት በግምት መሙላትም እንዲሁ ስሕተት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ግምት የደጋ ሰው ደም በከፍታው ምክንያት ወፍራም ስለሆነ በቀላሉ ይረጋል የሚል ነው። የአካባቢው ደም ግን በዚህ ረገድ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን አዲ አርቃይንና 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ደባርቅን አነጻጽሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አምባራስ፣ የ236 ነዋሪዎችን ደም መርምረዋል። አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በዝቅተኛ ቦታ የሚኖር ሰው ካለው ጋር የሚቀራረብ ነው። በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ የሚታየው የሄሞግሎቢን መብዛት በስሜን አልታየም። ስለሆነም ከአንዲስ የተገኘን ድምዳሜ ወደ ደባርቅ መገልበጥ አይቻልም። በሌላ በኩል ሄሞግሎቢን መደበኛ ነው ማለት የቀዶ ሕክምና ታካሚ አይረጋበትም ማለት አይደለም፤ ጥናቶቹ የመለሱት ሌላ ጥያቄ ነበርና።

የውፍረት ቀዶ ሕክምና የዳባት ጉዳይ ነው ወይ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። ነገር ግን የኋለኛው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 3 በመቶ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ከዚህም ሌላ ቀዶ ሕክምናውን በትልቅ ከተማ ወይም በውጭ አገር ያደረገ ሰው ቤተሰቡን ለመጠየቅ፣ ለማገገም ወይም ለክርስትና ወደ ትውልድ ቦታው ይመጣል። ጥቂት መሆናቸው ሥጋታቸውን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ጤና ሠራተኛው ሁኔታውን ደጋግሞ ስለማያየው ይበልጥ እንዲያመልጠው ያደርጋል።

የጽሑፎቹ ሦስተኛ ድክመት ለጤና ጣቢያ ባለሙያ የሚጠቅመውን ክፍል ማሳጠራቸው ነው። የጨጓራና የአንጀት መንገድ ሲቀየር የመድኃኒት አወሳሰድም ይቀየራል። ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የሚበላው ምግብና የሚያገኘው ቫይታሚን ኬ ስለሚቀንስ፣ የቀድሞው መጠን ሊበዛበትና ሊያደማው ይችላል፤ ቆይቶ ደግሞ የሚያስፈልገው መጠን ተመልሶ ይጨምራል። እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉ አዳዲስ እንክብሎች መግባታቸው አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ዓለም አቀፉ የደም መርጋት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ምክር፣ ደም ለረጋበት ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት እንዲመረጥ አሳስቧል። እንግዲህ መርፌውን በየቀኑ የሚወጋው ማን ነው? የዋርፋሪኑን ልክ የሚቆጣጠረው የደም ምርመራ የት ይደረጋል? እነዚህ ጥያቄዎች ታካሚው መንገድ ሳይጀምር መልስ ማግኘት አለባቸው።

ከዚህ ሒስ የሚከተለው ተግባር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከሆስፒታል የሚሰጠው ወረቀት የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ቀን፣ የመድኃኒቱን መጠንና የሚያበቃበትን ቀን፣ እንዲሁም የሚደወልበትን ሐኪም ስልክ መያዝ ይኖርበታል። የተቀባዩ ጤና ሠራተኛ ድርሻ ደግሞ መጠርጠር ነው። በቅርብ ወራት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ ወይም ካመመው እብጠቱን ወጌሻ እንዲያሸው መተው አደገኛ ነው። በድንገት ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የወጋውና የልብ ትርታው የፈጠነ ታካሚ ሳንባው በማዳመጫ ንጹሕ ስለተሰማ ብቻ ወደ ቤት ሊመለስ አይገባም፤ የሳንባ ምች ነው ተብሎ በጸረ ተሕዋስያን ብቻ መታከሙም ጊዜ ያባክናል። በሳምንታት ውስጥ የሚነሣ የማይለቅ የሆድ ሕመም ደግሞ በአንጀትና በጉበት መካከል ባለው ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል «የጨጓራ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰገራው ከጠቆረ በተቃራኒው መድማት ይጠረጠራል። በሁሉም ሁኔታ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መላክ ተገቢ ነው።

በጠቅላላው ሲመዘን፣ ቀዶ ሕክምናው የደም መርጋትን ዝንባሌ በጊዜ ብዛት ያሻሽላል የሚለው ድምዳሜ ይጸናል። የሚጎድለው ታካሚው እዚያ ጊዜ ድረስ በሕይወት የሚደርስበት መንገድ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚቀርብ ቀጣይ ጥናት የሚመዘነው ፋይብሪኖጅን በምን ያህል ቀነሰ በሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በ90ኛው ቀን ከታካሚዎቹ ስንቱ ተፈልገው ተገኙ፣ ያልተገኙትስ ወዴት ሄዱ ለሚሉት ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ሊሆን ይገባል።