ኦርጅናሉን የሚለይ ዓይን

የድሮ ላንድሮቨር ኦርጅናል ዕቃ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሙያው ያስቀናኛል። ፓራፋንጎው ላይ ማግኔት ያስጠጋል፤ ከያዘ ተቀይሯል ወይም በብረት ተለጥፏል፤ የፋብሪካው አልሙኒየም ነውና። ከሾፌሩ ፊት ያለው ግድግዳ ግን ከጥንቱም ብረት ስለሆነ እዚያ ቢይዝ አይደነግጥም። ፍርግርጉ ፕላስቲክ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጣው ሲሪስ 3 ነው፤ የቀደሙት የብረት ነበራቸው።

ከሁሉ የምወደው ጎንበስ ብሎ የቀኙን የፊት ባሌስትራ መያዣ በሽቦ ብሩሽ ሲፈትግ ማየት ነው። ዝገቱና ጭቃው ሲለቅ የሻንሲ ቁጥሩ አንድ በአንድ ብቅ ይላል፤ ከሊብሬው ጋር ያስተያየዋል። ከሶማሌ ተራ የተገዛ በር ቢያገኝም አይንቅም፤ መኪናውን መንገድ ላይ ያቆየው እሱ ነው። ብቻ ሻጩ ኦርጅናል ነው ብሎ ዋጋ እንዲጨምርበት አይፈቅድም።