በየዕለቱ በደብዳቤ ስለ ተላከው መጽሐፍ

ደራሲ መጽሐፉን ካሳተመ በኋላ አንባቢውን የሚያገኝበት መንገድ ምንጊዜም አስቸጋሪ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሒሳቡን ይቀበላል፤ መጽሐፍ ሻጩ የድርሻውን ያነሣል፤ አዟሪውም መጽሐፉን በክንዱ ላይ ደርድሮ በየመንገዱና በየቡና ቤቱ ይዞራል። የገዛው ሰው ማን እንደ ሆነ፥ እስከ መጨረሻው ማንበቡን ወይም ከመካከል መተዉን ግን ደራሲው አያውቅም። ሁለተኛ መጽሐፍ በሚያሳትምበትም ጊዜ እንደ ገና ከማያውቀው ሕዝብ ፊት ይቆማል። በውጭ አገር ደራስያን ዘንድ በኢሜይል ደብዳቤ መላክ የተስፋፋው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። አንባቢው አድራሻውን በፈቃዱ ያስመዘግባል፤ ደራሲውም በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይጽፍለታል። ስለዚህ ልማድ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የነጋዴ ምክር ስለ ሆነ፥ እኔ ነገሩን ከሥነ ጽሑፍ ወገን ለመመርመር አንድ ምሳሌ መርጫለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፥ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር «ድራኩላ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1897 ነው። ታሪኩ ደም እየመጠጠ የሚኖር አንድ መስፍን ከትራንሲልቫንያ ግንቡ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝ አገር መግባቱን የሚናገር ሲሆን፥ መጽሐፉ አንድ ተራኪ የለውም። የሆነውን ሁሉ የምንሰማው ባለታሪኮቹ ከጻፉት የዕለት ማስታወሻ፥ ከደብዳቤ፥ ከቴሌግራምና ከጋዜጣ ቍራጭ ነው። ከእነዚህም አብዛኞቹ ቀንና ወር ተጽፎባቸዋል። ማት ከርክላንድ የተባለ አሜሪካዊ ይህን አስተውሎ፥ ከ2021 ጀምሮ «ድራኩላ ዴይሊ» በሚል ስም የየዕለቱን ጽሑፍ በዚያው ዕለት በኢሜይል ይልክ ጀመር። የመጀመሪያው የሜይ 3 ቀን ማስታወሻ በሜይ 3 ቀን ይደርሳል፤ መጨረሻውም በኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ባለታሪኮቹ ምንም ያልጻፉበት ቀን ምንም አይላክም። ዋጋም አይጠየቅበትም። በሁለተኛው ዓመት፥ ማለት በ2022፥ የተመዘገበው ሰው ከ200 ሺህ በላይ ሆነ። ስቶከር የሞተው በ1912 ነው። ስለ መጽሐፉ አንዲት ቃል መናገር የማይችል ደራሲ ይህን ያህል አዲስ አንባቢ ማግኘቱ ሊያስደንቀን ይገባል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ዝምታው ነው። ጆናታን ሃርከር የተባለው ወጣት ጠበቃ በመስፍኑ ግንብ ታስሮ ሳለ በሜይ 31 ቀን ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው በጁን 17 ነው። መጽሐፉን በእጁ ለያዘ ሰው ይህ የሁለት መስመር ርቀት ነው። ደብዳቤውን ለሚጠብቅ ሰው ግን አሥራ ሰባት ቀን ነው። በመካከሉ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ደመወዙን ይቀበላል፤ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ሃርከር ግን በልቡ ውስጥ እንደ ታሰረ ይቆያል። ከዘመድ ደብዳቤ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። በዚሁ የጥበቃ ጊዜ አንባቢዎቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ፥ ይሟገቱና ይቀልዱ ስለ ነበር፥ አስተያየታቸው ከልብ ወለዱ ጋር ተቀናብሮ በ2023 ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። በደብዳቤ የተጀመረው ነገር ተመልሶ መጽሐፍ መሸጫ ገባ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የጠፋም ነገር አለ። ስቶከር ጽሑፎቹን በቀን ቅደም ተከተል አላሰለፋቸውም። አራቱን የመጀመሪያ ምዕራፎች በሙሉ ለሃርከር ሰጥቶ እስከ ጁን 30 ካደረሰው በኋላ፥ በአምስተኛው ምዕራፍ ወደ ሜይ 9 ይመለሳል። ስለዚህ ሉሲ የተባለችው ልጃገረድ በአንድ ቀን ሦስት ሰዎች ለጋብቻ እንደ ጠየቋት በደስታ ስትጽፍ፥ እኛ መስፍኑ በሣጥን ሆኖ ጉዞ መጀመሩን አስቀድመን አውቀናል። በደስታዋ ላይ ጥላ የሚያጠላው ይህ እውቀታችን ነው። ከርክላንድ ሁሉንም በቀኑ ሲያሰልፍ የሉሲ ደብዳቤ ገና በሜይ 24 ይደርሰናል፤ ያ ጥላም ይሣሣል። እንዲሁም መጽሐፉ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ማስታወሻዎቹ እጅግ ይረዝማሉ። የኦክቶበር 3 ቀንን ጽሑፍ ከቢሮ መልስ በአንድ ምሽት የሚጨርስ ሠራተኛ ካለ ትዕግሥቱ ይመስገን። በእኔ ግምት በፊተኛው አጋማሽ ትርፉ ከጉዳቱ ይበልጣል፤ በኋለኛው አጋማሽ ግን መጽሐፉን በመጽሐፍነቱ ማንበብ ይሻላል።

አድራሻ ስለ መሰብሰብ የሚመክሩ ሰዎች ይህን ምሳሌ ሲሰሙ ቍጥሩን ብቻ ያነሣሉ። የእነርሱ ዘዴ የታወቀ ነው፤ አንዲት አጭር ታሪክ በነፃ መስጠት፥ በምትኩ አድራሻ መቀበል፥ ከዚያም መጽሐፉ መውጣቱንና ዋጋውን ደጋግሞ ማሳሰብ ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ በየመሥሪያ ቤታችን ሰሌዳ ላይ ከሚለጠፈው ሰርኩላር በምን ይለያል? ሰርኩላር ቍጥርና ቀን አለው፤ ማኅተም አለው፤ አንባቢ ግን የለውም። ማሪያ ፖፖቫ በ2006 ለሰባት ወዳጆቿ ብቻ በኢሜይል መጻፍ ስትጀምር የምትልከው የሚነበብ ነገር ነበር፤ የብዙ ሕዝብ ንባብ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ቻርልስ ዲከንስም በ1836 «ፒክዊክ ፔፐርስ»ን በወር በወር ማውጣት ሲጀምር ከአንድ ሺህ የማይበልጥ ገዥ ነበረው፤ በመጨረሻ ወደ 40 ሺህ ደረሰ። በየወሩ የሚደርሰው ማስታወቂያ ሳይሆን ራሱ ታሪኩ ነበር።

በሕይወት ላለ ደራሲ ግን ዋጋው ቀላል አይደለም። ስቶከር ሥራውን ጨርሶ የሞተ ሰው ስለ ሆነ የሚያስቸኩለው የለም። በየሳምንቱ ለመጻፍ ቃል የገባ ደራሲ በሦስተኛው ወር ለደብዳቤው ሲል ልብ ወለዱን ያቆያል፤ በስድስተኛው ወር የቀረውን ሐሳቡን ሁሉ ለደብዳቤው ያወጣል። በ2017 የተቋቋመውን ሰብስታክን የመሰለ ድርጅት ደግሞ ከሚከፈለው የደንበኝነት ገንዘብ ከመቶ አሥር ያነሣል። ሆኖም አንድ መልካም ነገር አለው፤ የአንባቢዎቹ የአድራሻ መዝገብ የደራሲው ስለ ሆነ፥ ድርጅቱን ትቶ ሲሄድ ይዞት ለመሄድ ይችላል።

በእኛ አገር ደራስያንና አንባቢዎች ይበልጥ የሚገናኙት በቴሌግራም ነው፤ ኢሜይልማ ለብዙው ሰው የሥራ ማመልከቻ መላኪያ ሆኖ ቀርቷል። በቴሌግራም ግን ደራሲው የተከታዮቹን አድራሻ ይዞ ወደ ሌላ ስፍራ ሊሄድ አይችልም፤ መጽሐፉም ያለ ፈቃዱ ተቀድቶ የሚሰራጨው በዚያው መንገድ ነው። ጠብቆ የመከታተል ልማድ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ በተከታታይ ሲነበብ፥ መጽሐፉን በእጁ ያልያዘው ሕዝብ ሰዓቱን ጠብቆ ያዳምጥ ነበር። ድምፁ ባለበት ቤት ሁሉ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ቤተ ዘመድ ሆኑ።

እንግዲህ ከደራስያኖቻችን መካከል በመስከረም ጀምሮ በጳጉሜን የሚያልቅ፥ በማስታወሻና በደብዳቤ የተጻፈ ልብ ወለድ በመሳቢያው ያለው ሰው ቢኖር፥ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በየቀኑ ቢልከው እወዳለሁ። በኢሜይል ይሁን በቴሌግራም እርሱ ይምረጥ፤ የአንባቢዎቹን አድራሻ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በራሱ መዝገብ ይጻፍ።