«መርከበኛ»ና «ጉዞ ቀያሽ»፦ ስለ አንድ ሙያዊ ቃል አተረጓጎም

«ናቪጌተር» የሚለው ቃል ከላቲኑ «ናቪስ» (መርከብ) እና «አጌሬ» (መንዳት) የተገኘ ነው። ተርጓሚዎቻችን ብዙውን ጊዜ «መርከበኛ» ይሉታል። ሥርወ ቃሉን ብቻ ለተመለከተ አቻው የሚነቀፍ አይመስልም፤ የዛሬውን ፍቺ ለመረመረ ግን ጉድለቱ ይገለጣል። ናቪጌተር ያለበትን ቦታ በምልክት፣ በከዋክብት ወይም በመሣሪያ ለይቶ ወደ መድረሻው የሚወስደውን መስመር የሚወስን ባለሙያ ነው። በ«መርከበኛ» ውስጥ ያለው «-ኛ» ግን ሰውየው በመርከብ ላይ ሥራ እንዳለው ከማመልከት አያልፍም፤ ገመድ የሚስበውም፣ ወጥ የሚሠራውም መርከበኛ ነው።

ግዕዝ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ከግሪክኛ የተወረሰው «ኖትያዊ» ባሕረኛን በጠቅላላው ሲሰይም፣ ከ«ሐደፈ» የወጣው «ሐዳፊ» ቀዛፊንና መርከብ የሚያቀናን ሰው ያመለክታል። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 «የመርከብ መሪ»ን ከ«መርከበኞች» ለይቷል። ሆኖም በዚያው ምዕራፍ፣ ፀሐይና ከዋክብት በተሰወሩበት ጉዞ፣ ገመድ ጥለው ጥልቀቱን የለኩት መርከበኞቹ ናቸው። ስለዚህ ተግባሩ ከማዕረጉ የተለየ የራሱ ስያሜ ያሻዋል። «መሪ» ብቻውን ይህን አይፈታም፤ አለቃንም፣ አሽከርካሪ በእጁ የሚይዘውንም ዕቃ ይሰይማልና።

ጉድለቱ በታሪክ ትርጉም ላይ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ወደ ካሊካት የተሻገረው የሕንድ ውቅያኖስን መንገድ የሚያውቅ ሰው ከማሊንዲ አሳፍሮ ነው። አዛዡንም፣ ገመድ ሳቢውንም፣ መንገድ አዋቂውንም «መርከበኛ» ብለን ብንጽፍ፣ ጉዞውን ያስቻለው ዕውቀት የማን እንደ ነበረ ከአንባቢ እንሰውራለን። «አሳሽ» ማለትም አይበጅም፤ አሳሽ ያልታወቀውን ይፈልጋል፣ ይህ ሰው ግን ያሳየው የሚያውቀውን መንገድ ነው። ከዚህም በላይ «አሳሽ» ዛሬ የኢንተርኔት ድረ ገጾች የሚከፈቱበት ፕሮግራም ስም ሆኗል።

ጽንሰ ሐሳቡን ለማየት ወደ ባሕር መሄድ አያስፈልግም፤ መርካቶ ይበቃል። ገበያው ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ቢሆንም፣ የውስጡን ካርታ የሠራው በአብዛኛው አማርኛ ነው፤ ምን አለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሶማሌ ተራ። አንድ እንግዳ የመኪና መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ቢጠይቅ፣ በእጁ የሚያሳየው ጠቋሚ ነው፤ ፊት ፊት እየሄደ የሚያደርሰው መሪ ነው፤ ከሻጭ የሚያገናኘው ደላላ ነው። የታክሲ ረዳት መድረሻውን ይጠራል እንጂ መንገዱን አይመርጥም። በገበያው አጠራር ኩሊ የሚባለው ተሸካሚ ግን አንዋር መስጊድን ወይም ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንን ምልክት አድርጎ፣ የትኛው መተላለፊያ እንደ ተጨናነቀ አመዛዝኖ መስመሩን በልቡ ይወጥናል። መርከብ የለም፤ የናቪጌተር ተግባር ግን አለ።

ለዚህ ተግባር አማርኛ «ቀየሰ» የሚል ግሥ አለው። መሬት ይቀየሳል፣ መላ ይቀየሳል፣ ስልት ይቀየሳል። ስለሆነም ለባለሙያው «ጉዞ ቀያሽ»፣ ለሙያው «ጉዞ ቅየሳ»፣ በመኪናና በስልክ ላለው መሣሪያ «ጉዞ መቀየሻ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ስያሜው ለመርከብም፣ ለአውሮፕላንም፣ ለእግረኛም ያገለግላል። «ቀያሽ» በመሬት ልኬታ ተይዟል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «ጉዞ» የሚለው ገላጭ ሁለቱን ይለያል፤ ደግሞም ሁለቱም ነጥብ ለይተው መስመር የሚያወጡ ናቸው።

«መርከበኛ»ን መሻር አይገባም፤ በመርከብ ላይ ለሚሠራ ሁሉ ስም ሆኖ ይኑር። ተርጓሚው ግን ናቪጌተር የሚለውን ቃል ባገኘ ቁጥር አስቀድሞ ሰውየው ምን እንደሚሠራ ይጠይቅ፤ ይቀዝፋልን፣ ያዛልን፣ ወይስ መንገዱን ያወጣል? መንገዱን የሚያወጣ ከሆነ፣ መርከብ ላይ ቢሆንም ባይሆንም፣ ስሙ ጉዞ ቀያሽ ነው።